«ይሄዳል» ስንት ነው? የቢራ ገብስን ጥራት በደረጃ የመመዘን መመሪያ

ከጎንደር ተነሥታችሁ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፋችሁ ደባርቅ ስትገቡ፣ ወይና ደጋው አብቅቶ ደጋው የሚጀምርበትን ድንጋይ ማንም አያሳያችሁም። የጂኦግራፊ መጽሐፍ 2,300 ሜትር ላይ መስመር ያሰምራል። መንገደኛው ግን ደጋውን የሚያውቀው ጤፉ እየሳሳ ገብሱ እየበዛ፣ ነፋሱም እየጠነከረ ሲሄድ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ደጋነቱ አያጠራጥርም፤ በመካከል ያለው አገር ግን በከፊል ወይና ደጋ፣ በከፊል ደጋ ነው።

የቢራ ገብስ የሚገዛ ሰው በየዓመቱ የሚቸገረው በዚሁ ነገር ነው። መቁረጫው «እርጥበት 13 በመቶ» ከሆነ 12.9 ያመጣው ገበሬ ሸጦ ይገባል፣ 13.1 ያመጣው ጭኖ ይመለሳል። በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ ግን በግማሽ ነጥብ ያህል ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ገበሬዎች የለያቸው ገብሱ ይሁን መሣሪያው አይታወቅም። ሽታ፣ ቀለምና የፍሬ መልክ ደግሞ ጭራሽ ቁጥር የላቸውም። ገዢው ጨብጦ ያሸትና «ደህና ነው»፣ «ይሄዳል»፣ «አይሆንም» ይላል። ቃሉ አይጻፍም። ዛሬ «ይሄዳል» የተባለው ነገ «አይሆንም» ሲባል ገበሬው አድልዎ ነው ይላል፣ ገዢውም የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ይህ መመሪያ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የግዢ ኮሚቴዎች፣ በፋብሪካ በር ላይ ለቆሙ የጥራት ተቆጣጣሪዎች፣ እንዲሁም በዚህ ጉዳይ ጥናት ለሚሠሩ የምሕንድስና ተማሪዎች የተጻፈ ነው። ዘዴው «ፈዚ» ይባላል። ሎትፊ ዛዴህ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ መሠረቱን ጥለውለታል። ሐሳቡ አንድ ነገር የአንድ ስብስብ አባል «ነው» ወይም «አይደለም» ከሚባል ይልቅ ከ0 እስከ 1 ባለ ደረጃ ይለካ የሚል ነው። በዚህ ስሌት «ደረቅ ገብስ» ሙሉ በሙሉ ደረቅ ሊሆን ይችላል (1)፣ ግማሽ በግማሽም ሊሆን ይችላል (0.5)። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ መላላት ይመስለዋል። እኔ ግን እስካሁን በዓይንና በአፍንጫ፣ ያለ መዝገብ ሲደረግ የኖረው ነው ልልነት የምለው፤ ፈዚ ያንኑ ፍርድ በወረቀት ላይ አስቀምጦ ተጠያቂ ያደርገዋል።

የሚያስፈልጋችሁ የእርጥበት መለኪያ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት፣ ጆንያ እየወጋ ናሙና የሚያወጣ ቱቦ፣ አነስተኛ የግራም ሚዛን፣ ለማብቀያ የሚሆኑ ሳህኖችና ማጣሪያ ወረቀት፣ ክዳን ያላቸው አምስት የብርጭቆ ዕቃዎች፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ነው። ኮምፒዩተር ካለ ኤክሴል ይበቃል፤ የተለየ ሶፍትዌር አትግዙ።

1. ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ጥራት እንመዝናለን» ማለት ውሳኔ አይደለም። «በር ላይ የደረሰ አንድ ጭነት ወዴት ይሂድ?» ብላችሁ ጻፉና መልሶቹን ዘርዝሩ፦ በሙሉ ዋጋ ለብቅል፣ ከደረቀ ወይም ከተበጠረ በኋላ ለብቅል፣ ለምግብ ወይም ለመኖ ገበያ፣ ወደ ባለቤቱ። መልሶቹ ካልታወቁ በመጨረሻ የምታገኙት ነጥብ ምን እንዲያደርግላችሁ እንደፈለጋችሁ አታውቁም።

እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስሕተት ጭነቱንና ሰውየውን በአንድ ነጥብ መመዘን ነው። «ይህ ገበሬ አምና አታሎናል» የሚለው የገብሱ ጥራት አይደለም። አቅራቢን መምረጥ ራሱን የቻለ ሌላ ውሳኔ ስለሆነ የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው።

2. አጥሩን ከዳገቱ ለዩ

ከሁሉም እርምጃ ይህን አደራ እላለሁ። ሁሉም መመዘኛ በደረጃ አይለካም። አንዳንዱ አጥር ነው፤ አልፎ የተገኘ ጭነት ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይገባም። አንዳንዱ ደግሞ ዳገት ነው፤ ትንሽ በትንሽ ይሻላል ወይም ይከፋል።

አጥር መሆን ያለባቸው የሻገተ ፍሬ፣ በሕይወት ያለ ነቀዝ፣ የጸረ ተባይ ወይም የነዳጅ ሽታ፣ በመድኃኒት የታሸ የዘር ገብስ፣ ውሉ ከሚፈቅደው በላይ የምግብ ገብስ ቅልቅል ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ በጥቂት ፍሬ ላይ የነበረ ሻጋታ ይዛመታል። ፉዛሪየም የሚባለው የሻጋታ ዓይነት መርዝ ከማምረቱም በላይ ጠርሙስ ሲከፈት ቢራው ገንፍሎ እንዲፈስ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ጉድለት በፍሬ ሙላት ማካካስ አይቻልም። ስሌቱ የሻገተ ጭነት 0.74 አምጥቷል ካላችሁ ስሌቱ ነው የተሳሳተው።

ፕሮቲንም የላቦራቶሪ ውጤት ካገኛችሁ ከአጥሩ ወገን ይሁን። ብዙ ጠማቂዎች የሚፈልጉት ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ሲበዛ ከብቅሉ የሚወጣው ስኳር ያንሳል፣ ቢራውም የመደፍረስ ጠባይ ያመጣል። ላቦራቶሪ ከሌላችሁ በግምት አትሙሉት፤ «አልተለካም» ብላችሁ ጻፉ።

ዳገት የሚሆኑት እርጥበት፣ የመብቀል አቅም፣ የፍሬ ሙላትና መልክ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከብቅል ፋብሪካ ጋር የፈረማችሁት ውል 13 በመቶ ካለ፣ ፋብሪካው በር ላይ 13 በመቶ ነው። ፈዚ ውል አይሽርም። ይህ ዘዴ የሚሠራው በእናንተ በር ላይ፣ ገና ማድረቅ፣ ማበጠርና መለየት በሚቻልበት ቦታ ነው።

3. ናሙናውን እንደ ዳኛ ውሰዱ

የተጣመመ ናሙና የትኛውም ስሌት አያቃናውም። ከመኪናው ጫፍ የተቀመጠው ጆንያ ብዙ ጊዜ ምርጡ ነው። በስፋት የሚሠራበት ልማድ የጆንያዎቹን ቁጥር ካሬ ሥር ወስዶ ያን ያህሉን መውጋት ነው፤ 100 ጆንያ ከሆነ 10፣ 64 ከሆነ 8። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ውጉ። የወጣውን በንጹሕ ሸራ ላይ ደባልቁና አራት ቦታ ክፈሉት፤ ማዶ ለማዶ ያሉትን ሁለት ሩቦች አስቀርታችሁ ሌሎቹን መልሱ። ግማሽ ኪሎ ገደማ እስኪቀር ድረስ ድገሙት። ግማሹን ለክታችሁ ግማሹን በባለቤቱ ፊርማ አሽጉና አስቀምጡ። ክርክር ሲነሣ የሚከፈተው ይህ ነው።

ለደጋው የተለየ ጥንቃቄ አለ። ሌሊት ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተጭኖ ማለዳ የደረሰ ገብስ ቀዝቃዛ ነው። ብዙዎቹ መለኪያዎች የሙቀት ማስተካከያ ቢኖራቸውም ፍሬው የቀዘቀዘ፣ መሣሪያው የሞቀ ከሆነ ንባቡ ይዛባል። ናሙናውን በተከደነ ዕቃ አድርጋችሁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። አንድ ጊዜ ለክቶ መወሰን ከስሕተቶቹ ሁሉ የተለመደው ነው።

የመብቀል አቅምን ለመለካት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በሳህን ላይ በተነጠፈ ድርብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፣ 4 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩና ክደኑት። 20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ባለው ቦታ ለ3 ቀን አቆይታችሁ የበቀለውን ቁጠሩ። ሳህኑን በደጋው ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ካሳደራችሁት ጤነኛው ገብስም ይዘገያል፣ ገበሬውም በማያውቀው ጥፋት ይቀጣል። ሌላም አለ፤ አዲስ የታጨደ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት «ሊያንቀላፋ» ይችላል። በኅዳር መጨረሻ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ጭነት በጥር ሲለካ ጥሩ ሊወጣ ስለሚችል፣ ገና ከአውድማ የመጣውን «ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ድገሙት።

ሦስት ቀን መጠበቅ በር ላይ አይቻልም የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እውነት ነው። መፍትሔው መንደር ድረስ ሄዶ ናሙናውን ከጭነቱ በፊት መውሰድ ነው። ይህን ማድረግ ያልቻለ ማኅበር ጭነቱን ለብቻው ከምሮ፣ ከፊል ክፍያ ሰጥቶ ውጤቱን ይጠብቅ። ውጤት ሳይታወቅ ከሌላ ክምር ጋር መቀላቀል ግን ጥሩውንም ማበላሸት ነው።

4. ለእያንዳንዱ ልኬት ዳገቱን ሥሩ

ለእያንዳንዱ መመዘኛ ሁለት ቁጥር ብቻ ተስማሙ፦ «ሙሉ በሙሉ ጥሩ» የሚባልበትና «ፈጽሞ የማይሆን» የሚባልበት። በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከታች ያሉት ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የራሳችሁን ከውላችሁና ከልምዳችሁ አውጡ።

እርጥበት፦ 12 በመቶና ከዚያ በታች 1፣ 14 በመቶና ከዚያ በላይ 0። በመካከል ከ14 ላይ ልኬቱን ቀንሱና ለ2 አካፍሉ። 12.9 ያመጣው 0.55፣ 13.1 ያመጣው 0.45 ያገኛል። ቀድሞ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የመለሰው ልዩነት አሁን በልኩ ታየ፤ ትንሽ ነው።

የመብቀል አቅም፦ 98 በመቶና በላይ 1፣ 90ና በታች 0። ከልኬቱ 90 ቀንሱና ለ8 አካፍሉ።

የፍሬ ሙላት፦ በ2.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ የቀረው 90 በመቶና በላይ ከሆነ 1፣ 70ና በታች ከሆነ 0። 70 ቀንሱና ለ20 አካፍሉ።

ዜሮው ላይ የደረሰ ልኬት አጥር ይሆናል። 14 በመቶ እርጥበት ያለውን ክምር ውስጥ ማስገባት ሙቀትና ሻጋታ መጋበዝ ነውና።

ዳገቱን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ባለሙያ ብቻ አይሥራው። ገዢው፣ መጋዘን ጠባቂውና ቢያንስ ሁለት ገበሬዎች አብረው ይሁኑ። ብቅል አብቅላ ጠላ የምትጠምቅ እናት ብትገኝ ደግሞ አክብራችሁ አስቀምጧት። እስከ ዛሬ ማንም ቁጥር ባይጠይቃትም፣ ገብስ እኩል ሳይበቅል ሲቀር ብቅሉ ምን እንደሚሆን የምታውቀው እሷ ናት።

5. ቃላቱን በዕቃ ውስጥ አስቀምጡ

መልክና ሽታ በመሣሪያ ስለማይለኩ የሚለካቸው ሰው ነው። አምስት ቃላት ምረጡ፤ በአካባቢያችሁ የሚነገሩ ይሁኑ። እኔ «መጥፎ»፣ «ደከም ያለ»፣ «መካከለኛ»፣ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» እላለሁ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የብርጭቆ ዕቃ አዘጋጁና ሁሉም በተስማማበት ናሙና ሙሉት። ዝናብ አግኝቶት የጠቆረውን፣ በውቂያ የተሰባበረውንና የተላጠውን፣ ወርቅማውንና አንድ ዓይነቱን በየዕቃው አድርጉ። ሽታ ስለማይቆይ በየወሩ አድሱት። ይህ ካልተደረገ የአንዱ «መካከለኛ» የሌላው «ጥሩ» ይሆናል፣ የቀረው ስሌት ሁሉ በአሸዋ ላይ ይሠራል።

እያንዳንዱ ቃል ሦስት ቁጥር አለው፦ ዝቅተኛው፣ ዋናውና ከፍተኛው። «መጥፎ» 0፣ 0፣ 0.25 ነው። «ደከም ያለ» 0፣ 0.25፣ 0.5። «መካከለኛ» 0.25፣ 0.5፣ 0.75። «ጥሩ» 0.5፣ 0.75፣ 1። «በጣም ጥሩ» 0.75፣ 1፣ 1። ሦስት ቁጥር የሚሰጠው ቃል ስፋት ስላለው ነው፤ «ጥሩ» ያለ ሰው ነጥብ ሳይሆን ክልል ነው የጠቆመው።

ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሳይነጋገሩ ቃላቸውን በወረቀት ይጻፉ። አለቃው መጨረሻ ላይ ይጻፍ፤ እሱ ቀድሞ ከተናገረ የቀሩት ሁለቱ ያስተጋባሉ። ሁለቱ «ጥሩ»፣ አንዱ «መካከለኛ» ካሉ አማካዩ 0.42፣ 0.67፣ 0.92 ይሆናል፤ ሦስቱን ደምራችሁ ለ3 ስታካፍሉ 0.67። አንዱ «ደከም ያለ» ሌላው «በጣም ጥሩ» ካለ ግን አማካይ አትሥሩ። አንዱ ያየውን ሌላው አላየውምና ናሙናውን እንደገና ውሰዱ።

6. ድርሻውን በ100 ፍሬ አከፋፍሉ

የትኛው መመዘኛ ይበልጣል? ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል 100 የገብስ ፍሬና አራት ሲኒ ስጡ። እንደ አስፈላጊነቱ በየሲኒው ያከፋፍል። ቆጥራችሁ አማካዩን ውሰዱ። ይህ ተራ ቢመስልም፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬና ዲግሪ ያለው ባለሙያ እኩል የሚሳተፉበት መንገድ ነው።

ተማሪዎች ፈዚ ኤኤችፒ የሚባለውን የጥንድ ንጽጽር ዘዴ ትወዳላችሁ። መልካም ነው፤ ግን ቻንግ በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ስሌት ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። አስፈላጊ የሆነን መመዘኛ ድርሻ ዜሮ አድርጎ ሊያወጣ እንደሚችል በብዙ ጽሑፎች ተተችቷል። ውጤታችሁ «እርጥበት ዜሮ» ካለ አትመኑት፣ ወደ ሲኒው ተመለሱ።

7. አስሉ፣ ከዚያም ደካማውን ጎን እዩ

ኮሚቴው ለመብቀል 40፣ ለእርጥበት 25፣ ለሙላት 20፣ ለመልክ 15 ሰጠ እንበል። ሁለት ጭነት መጣ።

የመጀመሪያው እርጥበቱ 12.4፣ መብቀሉ 95፣ ሙላቱ 84፣ መልኩ ከላይ ያየነው 0.67 ነው። ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል 0.8፣ 0.625፣ 0.7፣ 0.67 ይሆናሉ። በየድርሻቸው ተባዝተው ሲደመሩ 0.69።

ሁለተኛው እርጥበቱ 13.2፣ መብቀሉ 98፣ ሙላቱ 90፣ መልኩ አንድ «በጣም ጥሩ» ሁለት «ጥሩ» ስላገኘ 0.81 ነው። ደረጃዎቹ 0.4፣ 1፣ 1፣ 0.81፤ ድምሩ 0.82።

በአሮጌው መቁረጫ ሁለተኛው ጭነት ይመለስ ነበር። ብልጫ ያለው ገብስ ግን እሱ ነው፤ የጎደለው ፀሐይ ብቻ ነው። ሆኖም 0.82 አመጣ ብላችሁ በቀጥታ ወደ ክምሩ አትክተቱት። ድምር ድክመትን ይሸፍናል። ስለዚህ ከድምሩ ጎን ዝቅተኛውን ደረጃ ጻፉ፤ ለዚህ ጭነት 0.4 ነው። ቤልማንና ዛዴህ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ አማራጭን በደካማው ጎኑ የመመዘንን መንገድ አሳይተዋል፤ እኔ ሁለቱም አብረው ይታዩ ባይ ነኝ። ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ ድምሩ 0.65ና ከዚያ በላይ፣ ዝቅተኛው 0.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሙሉ ዋጋ ይግባ። ድምሩ በቂ ሆኖ አንዱ ከ0.5 በታች ከወደቀ ያ ጉድለት እስኪታረም ለብቻው ይቀመጥ። ድምሩ ካልደረሰ ወደ ሌላ ገበያ ይሂድ።

እርጥበቱን ስታርሙ በሸራ ላይ በስሱ አስጥታችሁ በየሰዓቱ አገላብጡ። በእሳት ወይም በጋለ ቆርቆሮ ላይ ማድረቅ የፍሬውን ሕይወት ይገድላል፤ እርጥበቱ ተስተካክሎ የመብቀል አቅሙ ይጠፋል። ከደረቀ በኋላ ሁለቱንም እንደገና ለኩ።

8. በአሮጌ ጭነት ፈትኑት

አምና ከተገዙት ጭነቶች መዝገብ ያላቸውን 20 ወይም 30 ያህል ውሰዱና በአዲሱ ሠንጠረዥ አስሏቸው። ፋብሪካው የመለሰው ጭነት በእናንተ ስሌት ከፍ ያለ ነጥብ ካገኘ ዳገታችሁ ወይም ድርሻችሁ ተሳስቷል። ቀጥሎ ድርሻዎቹን በ5 በ5 ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ውሳኔዎቹ ይለወጡ እንደሆነ እዩ። በትንሽ ለውጥ የሚገለባበጥ ጭነት ድንበር ላይ ያለ ነውና እንደገና ይለካ። ቁጥሩን የምትወዱትን ሰው ለማስገባት ስትሉ ከማስተካከል ተጠበቁ። ሠንጠረዡ በግዢ ወቅት መካከል አይነካ፤ የሚሻሻለው ወቅቱ ሲያልቅ ነው።

9. የጥራት ሥርዓታችሁ አካል አድርጉት

አይኤስኦ 9001፡2015 ከውጭ የሚገባን ግብዓት በምን መመዘኛ እንደምትቀበሉ እንድትወስኑና መዝገብ እንድትይዙ ይጠይቃል፤ የመለኪያ መሣሪያዎችም እንዲረጋገጡ። ይህ ሠንጠረዥ ለመመዘኛውና ለመዝገቡ መልስ ነው። የእያንዳንዱ ጭነት ቅጽ ቀን፣ የቀበሌ ስም፣ የገብሱ ዝርያ፣ አራቱ ልኬቶች፣ የሦስቱ ሰዎች ቃል፣ ድምሩ፣ ዝቅተኛው፣ ውሳኔውና ፊርማ ይኑረው። መለኪያውን ከወቅቱ በፊትና በመካከሉ በምድጃ ከደረቀ ናሙና ጋር አመሳክሩ። ካይዘን የሚባለውን ተከታታይ የማሻሻያ አሠራር የጀመራችሁ ድርጅቶች በጠዋቱ አጭር ስብሰባ ላይ የትናንቱን ዝቅተኛ ደረጃዎች ብቻ አንብቡ፤ ለሳምንት «ሙላት» እየደጋገመ ከወደቀ ችግሩ በር ላይ ሳይሆን በማሳ ላይ ስለሆነ ለግብርና ባለሙያው ንገሩት።

የቅጹ ቅጂ ለገበሬው ይሰጥ። «አልተቀበልንህም» ከመባል «መብቀሉ 0.9፣ ሙላቱ 0.3» የሚል ወረቀት ይዞ መመለስ ይሻለዋል፤ ለከርሞ ወይ በወንፊት ለይቶ ያመጣል ወይ ዘሩን ይለውጣል።

አጨዳው ሳይጀመር፣ በጥቅምት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብሰቡ፤ አምስቱን ዕቃዎች ሙሉ፣ 100ውን ፍሬ አከፋፍሉ። የተስማማችሁበትን ሠንጠረዥ በትልቁ በአማርኛ ጻፉና የመጀመሪያው ጆንያ ከመፈታቱ በፊት በመጋዘኑ በር ላይ ለጥፉት።